ወደ ጎን የማያድግ ዛፍ

«ቅጠሉ ቢደርቅም አይረግፍም ያልከኝ እውነትህን ነው?» አለች የእቴቴ ወንድም ሚስት።

«አይረግፍም እመቤቴ» አለ አትክልተኛው። «ደርቆ እዚያው ላዩ ላይ ይከርማል። አዲሱ ሲመጣ ነው አሮጌው የሚለቀው።»

«እንግዲያው ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ አይታይማ።»

«የትኛው ክፍል?»

«ይሄ የኋላው ነዋ።»

የኋላው ክፍል መስኮት ክፍት ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ እቴቴ ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ሁለቱ ሰዎች እጇን ብትዘረጋ የምትነካቸው ያህል ቅርብ ናቸው። ሚስትየዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እቴቴ ውስጥ መኖሯን ብታስታውስ ኖሮ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ሰው በገዛ ግቢው ያለውን የውኃ ቆጣሪ እንደሚረሳው ረስታት እንጂ ልታስከፋት ብላ አይደለም። እቴቴም እንዳልሰማ ሰው ሆና ክሩን በምራቋ አርጥባ፣ በሁለት ጣቷ አሹላ እንደገና ሞከረች። ክሩ አልገባ አላት። 

ዛፎቹ በማለዳ በፒክአፕ ተጭነው መጥተዋል። ኦክ ይባላሉ፤ ግን ሰው ጥላው ሥር አረፍ ብሎ የሚያወጋበት፣ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ግቢ የሚያለብሰው ዓይነት ኦክ አይደሉም። እነዚህ ሽቅብ እንጂ ወደ ጎን ማደግ አያውቁም። ቅርንጫፎቻቸው ግንዱን ተጠግተው ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ለጉዞ ተብሎ በገመድ ሲታሰሩ ደግሞ ጭራሽ የተዘጋ ጃንጥላ መስለዋል። ሚስትየዋ መጀመሪያ ያየቻቸው በስልኳ ላይ ነው። በበረንዳውና በኋላው ክፍል መካከል ከሲሚንቶ የተረፈች ጠባብ መሬት አለች፤ ሌላ ዛፍ ቢተከልባት አንድም ግድግዳ ይገፋል አንድም መተላለፊያ ይዘጋል፤ ይሄኛው ግን ለዚያች መሬት ተብሎ የተፈጠረ ነው ስትል ሰነበተች። የአንዱ ዋጋ እቴቴ ዓመት ሙሉ መርፌ ይዛ የማትሞላው ነው። እቴቴ ግን ነገሩን እራት ላይ በሰማች ጊዜ ደስ ብሏት ነበር፤ ግቢው ዛፍ ሊያገኝ ነው ብላ፣ ወፍ ይመጣል ብላ። ምን ሊሸፍን እንደሚተከል የነገራት አልነበረም።

ሥራዋ ሰው የማያየው ሥራ ነው። ላውንደሪ ቤቶች ብል የበላውን፣ ሲጋራ ያቃጠለውን፣ ሚስማር የቀደደውን የሱፍ ልብስ ይልኩላታል። እሷ ከልብሱ ከራሱ፣ ከታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ክር ትመዝና ቀዳዳውን እንደ ሸማኔ አንዱን ክር ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈች ትመልሰዋለች። ደህና አድርጋ የሠራችው እንደሆነ ባለቤቱ ራሱ ቀዳዳው የት እንደነበረ ፈልጎ ያጣዋል። ለዚህ ሥራ መርፌ፣ ትዕግሥትና የቀን ብርሃን ያስፈልጋል። አምፖል አይሆንም። በአምፖል ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አንድ ይመስላሉ፤ በማግሥቱ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ግን የሰፊዋን ጉድ ያወጣሉ። ስለዚህ ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ፣ ወንበሯን ብርሃኑ በዞረበት እያዞረች ትውላለች። ክፍሉ ሌላ መስኮት የለውም። ቤቱ ሲሠራ ለዕቃ ታስቦ ነበርና ያቺ አንዲቷም የወጣችው በእሷ ልመና ነው። አሁን ጭኗ ላይ ያለው ኮት ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ነገ ጠዋት መጥተው ይወስዱታል። መስኮቱ ከተሸፈነ ግን ነገም ከነገ ወዲያም የሚመጣ ኮት አይኖርም። ሥራው ከቀረ ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ የራሷ የምትለው ምንም አይቀራትም።

ኮቱን በጥንቃቄ አጥፋ አስቀመጠችና ወጣች። አትክልተኛው የሚቆፍርባቸውን ቦታዎች በኖራ ከቧቸዋል። ሦስቱ ክቦች እኩል ተራርቀው ተሰልፈዋል፤ የመካከለኛው ልክ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነው። ሚስትየዋ ስታያት ፈገግ ብላ «እቴቴ፣ እንዴት አደሩ» አለቻት። ሚስትየዋ እሷን አንቺ ብላ አታውቅም፤ ሁልጊዜ እርስዎ እያለች ነው የምታናግራት፤ ሰሃን የምታሳጥባትም እርስዎ እያለች ነው። ዛሬ ማታ የባሏ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ሳይቀሩ ከነባለቤታቸው ስለሚመጡ ቤቱ ትንሽ ሊዋከብ እንደሚችል ነገረቻትና አስቀድማ ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ አትክልተኛው ዞራ ውኃ የሚያጠጡት እሳቸው ናቸውና አጠጣጡን አሳያቸው አለችው። እሳቸው ማን እንደሆኑ ግን አልነገረችውም። ስልኳ ጮኸ፤ እያወራች ወደ ውስጥ ገባች።

አትክልተኛው ወሬ የሚወድ፣ ቆብ አድርጎ የሚያልበው ጎልማሳ ነው። ጉድጓዱን ከማጥለቅ ማስፋት እንደሚሻል፣ ሥሩ የሚጀምርበት አንገቱ ከአፈር በላይ መታየት እንዳለበት፣ አለዚያ ዛፉ ሳይሞት ሳይድን ዓመታት እንደሚያቃስት አካፋውን እየተደገፈ አወራላት። አፈሩን የያዘውን ፕላስቲክ ቀድዶ፣ ውስጥ ለውስጥ ሲሽከረከር የኖረውን ሥር በጣቶቹ ፈታታው፤ የልጅ ፀጉር የሚያፍታታ ይመስል ነበር። እቴቴ ሁሉንም አዎ አዎ እያለች ሰማችና፣ ሲጨርስ፣ ይሄን የመካከለኛውን ሁለት እርምጃ ወደዚያ ቢያደርገው ምን ይጎዳል ስትል ጠየቀችው። እሱ ክቡን አየ፤ ከዚያ መስኮቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ነገሩ ገባው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅም ቀነሰ።

«እኔ ምን ቸገረኝ እናቴ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው» አላት። «ብቻ ባለቤቶቹ ይዘዙኝ። እሱን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ እስከዚያ አነጋግሯቸው። አንዴ ከተተከለ በኋላ ግን ሰንብቶ አይነካም። ኦክ ሥሩን ቀጥታ ወደ ታች ነው የሚሰድ።»

እንግዲህ ወንድሟ ለምሳ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባት። ሁለት ጊዜ ደወለችለት፤ ስብሰባ ላይ ነኝ የሚል የተዘጋጀ መልእክት መለሰላት። ወደ ኮቱ ተመለሰች። የአካፋው ድምፅ ከመስኮቱ ሥር ጨፍ ጨፍ ሲል፣ ብል የበላውን ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ እየጠራረገች ለወንድሟ የምትለውን በልቧ ስታዘጋጅ ቆየች። ቁጣ አይሆንም፤ እሱ ቁጣ ይፈራል፣ ሲፈራ ደግሞ ይሸሻል። ቀልድ አድርጋ ልትነግረው አሰበች። እናታቸው ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም ነበር፤ እሷ ደብተሯን ዘግታ መርፌ ያዘች፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰውም ያ መርፌ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አያነሱትም። እሷ ውለታ ቆጠረች እንዳይባል፣ እሱ ለምን እንደሆነ እንጃ።

መኪናው ሲገባ እቴቴ ቀድማ በሩ ጋ ደረሰች። የመጠጥ ካርቶኖች ከኋላ እያወረደ፣ በትከሻውና በጆሮው መካከል ስልክ አጣብቆ፣ በዓይኑ ሰላም አላት። ጠበቀችው። ስልኩን ሲዘጋ ቀልዷ ሁሉ ጠፋባት።

«ማሙሽ፣ ብርሃኔን ነው የሚወስድብኝ» አለችው።

ማሙሽ ሚስቱ ሰው ፊት እንዲጠራበት የማትፈልገው የልጅነት ስሙ ነው። ሰው ስላልነበረ ችላ አለው። ከካርቶኑ ቀና ብሎ ዛፉን አየ፣ ጉድጓዶቹን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ መስኮቱን ግን አላየም። አምፖል እቀይርልሻለሁ አላት፤ ያንን ነጩን፣ እንደ ቀን የሚያበራውን። በአምፖል እንደማይሆን ነገረችው። እንዲያውም ሁለት አደርግልሻለሁ አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር፤ ለእሷ አንድ ነገር መግዛት ሁልጊዜ ደስ ይለዋል። ሁለት እርምጃ ብቻ ፈቀቅ ቢል ብላ ጀመረች። ሦስቱ እኩል ካልተራራቁ ያስጠላል ትላለች ሚስቴ፣ እስቲ ከእሷ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ ዛሬ ራሴን የማክበት ጊዜ የለኝም፤ እኚህ ሰውዬ ከመጡልኝ የቅርንጫፍ ኃላፊነቱ ነገር ያልቅልኛል አላት። ከዚያም ትከሻዋን መታ መታ አደረገና መኪናው ውስጥ ገባ። እቴቴ የግቢውን በር ከኋላው ዘጋችለት። አንጀቷን ያሳረራት እምቢ ማለቱ አይደለም፤ ቢልማ ኖሮ መከራከሪያ ታገኝ ነበር።

ሚስትየዋን ኩሽና ውስጥ አገኘቻት። ከሆቴል የመጡ ሁለት ምግብ አብሳዮች ምድጃውን ወርሰውታል፤ እሷ ፀጉሯን በመጠምጠሚያ ጠምጥማ፣ አንድ ጥፍሯን ቀብታ ሌላውን ሳትቀባ፣ የወይን ብርጭቆ በጨርቅ ትወለውላለች። እቴቴ ጨርቁን ተቀበለቻትና መወልወል ጀመረች፤ እጇ ሥራ ሳይዝ ጥያቄ መጠየቅ አትችልበትም። የዛፉን ነገር በቀስታ አነሳችው። ሚስትየዋ ጥፍሯን እፍ እያለች አዳመጠቻትና፣ ብዙ ጊዜ እንደማታደርገው፣ እውነቱን ነገረቻት። ባለፈው እነሱ ሥራ አስኪያጁ ቤት ተጋብዘው ሲሄዱ የሰውዬው ባለቤት ቤቱን በሙሉ፣ ክፍል በክፍል፣ ማን የት እንደሚተኛ እየነገረች አስጎብኝታቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ ተራው የእነሱ ነው። ያ የኋላው ምንድን ነው ቢሏት ምን ልትል ነው? የባሌ እህት ክፍል ነው ብትል እህቱን ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጣት ይላሉ። ወደ ትልቁ ቤት እንዳናስገባዎት ደግሞ ክፍል የለም አለቻት። እቴቴ የእንግዳ ክፍሉን ታውቀዋለች፤ ማንም ተኝቶበት የማያውቀውን አልጋ አንሶላ እየለወጠች የምታጥበው እሷ ናት። ሌላ ብርጭቆ አነሳች።

«እኔ እኮ እርስዎን አይደለም የምሸፍነው እቴቴ» አለች ሚስትየዋ። «ክፍሉን ነው።»

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ምናልባት የጥፍር ቀለሙ ሽታ ይሆናል። እቴቴ ብርጭቆዎቹን ሁሉ ወልውላ፣ በብርሃን አሳልፋ አይታ፣ በተርታ ደርድራ ወጣች።

አትክልተኛው ሁለቱን ተክሎ ጨርሶ፣ ከመካከለኛው ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብሎ ውኃ ይጠጣ ነበር። አልሆነም ስትል ራሷን ነቀነቀችለት። እሱም ሌላ ሳይጠይቅ ተነሳ። ዛፉን አቅፎ ጉድጓዱ ውስጥ ካቆመው በኋላ ገመዱን ፈታና ቅርንጫፎቹ ሲላቀቁ ጠብቆ፣ ቀስ እያለ በቦታው ያዞረው ጀመር። ዛፍም ፊትና ጀርባ እንዳለው ነገራት፤ ችግኝ ጣቢያ ሳለ ፀሐይ ያገኘው ጎን ይሞላል፣ ጎረቤቱን ተደግፎ ያደገው ጎን ይሳሳል። የሚተክል ሰው ፊቱን ወደሚያየው ሰው ያዞረዋል። ሚስትየዋን ከበረንዳው ጠርቶ ፊቱ ወዴት ይሁን አላት፤ ወደዚህ ነዋ አለች፣ ወደ እንግዶቹ። እቴቴ ጀርባው ደረሳት። ሳሳ ያለ ስለሆነ ለጊዜው ትንሽ ብርሃን ያሳልፍልዎታል አላት አትክልተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ በሁለት በሦስት ዓመት ግን ይሞላል። አፈሩን መለሰ፣ በእግሩ ሳይሆን በእጁ ጠቀጠቀው፣ የእንጨት ቅርፊት በዙሪያው በተነ፤ አንገቱ ላይ እንዳይከመርበት እየተጠነቀቀ። ቱቦውን እሷ ያዘች። ውኃው ቀስ እያለ፣ ሥሩ እስኪደርስ ሳይቸኩል እንዲወርድ ይፈልጋል ብሏታልና አንዱን ስታጠጣ፣ ሌላውን ስታጠጣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። የመካከለኛውን ለይታ አልበደለችውም። ዛፉ ምን አደረገ?

ክፍሏ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ልዩነቱ ወዲያው ታወቃት። በዚህ ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ ይተኛ የነበረው ብርሃን ተቆራርጦ፣ ቅጠሉ ሲንቀሳቀስ እየተንቀሳቀሰ፣ አንዴ ክሩ ላይ አንዴ እጇ ላይ ያርፋል። ኮቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ያዘችው፤ ጥቁሩንና ጥቁር ሰማያዊውን ክር ጎን ለጎን ዘርግታ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። የቱ የቱ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። ተወችው፤ ጎህ ሲቀድ ደጅ ወጥቼ እጨርሰዋለሁ አለች። ከዚያ ግን ሁልጊዜ ደጅ መውጣት እንደማትችል፣ ክረምት እንዳለ፣ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ እንግዳም እንዳለ አሰበች።

በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ነበር፤ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ግራ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ። የእጅጌው ቁልፍ ላላ ብሎ ሊወድቅ ነው። አውልቀው አላለችውም፤ እንደቆመ፣ ተማሪ ቤት ሊሄድ ሲል እንደምታደርገው፣ እጁን ይዛ ትሰፋለት ጀመር። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም። ክርኑ ጎኗን ነክቷታል፣ ትንፋሹ ይሰማታል፤ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ መሸበቱን አሁን ገና አየች። አዘነችለት። አሁን ይለኝ ይሆናል ብላም ጠበቀች፤ ነይና ከእኛ ጋር ተቀመጪ ይለኝ ይሆናል፣ ባይልም ዛፉን አይቶ አንድ ነገር ይላል። እሱም የሚለው ነበረው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ።

«እቴቴ፣ ሰዎቹ እስኪሄዱ መብራቱን ባታበሪው ይሻል ነበር። የዛፉ ጀርባ ሳሳ ስለሚል ያሳልፋል።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እሺ አለችው። አመስግኗት፣ ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርጎ ጥንካሬውን ሞክሮ ሄደ።

እንግዶቹ ፀሐይ ስትጠልቅ መጡ። የመኪና በር ሲዘጋ፣ የጫማ ተረከዝ በሲሚንቶው ላይ ቋ ቋ ሲል፣ ሴቶቹ ቤቱን ሲያደንቁ፣ ሁሉም ይሰማታል። ሚስትየዋ አልረሳቻትም፤ በሰሃን የተከደነ ምግብ ከአብሳዮቹ በአንዷ አስልካላት ነበር፤ እቴቴ ግን ከነክዳኑ ጠረጴዛዋ ላይ ተወችው። ክፍሉ ውስጥ ድቅድቅ ሲልባት ወንበሯን ይዛ ደፉ ላይ ወጣችና በዛፎቹ ጀርባ ተቀመጠች። በቅርንጫፎቹ መካከል የበረንዳው መብራት፣ የሰው ትከሻ፣ የሚያብለጨልጭ ብርጭቆ በትንሽ በትንሹ ይታያታል። ወንድሟ ሲስቅ ለየችው። የሥራ አስኪያጁ ሳቅ ሲጀምር የሚጀምር፣ ሲያቆም የሚያቆም ሳቅ ነበር።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን ክፉ ሽማግሌ አልነበሩም፤ ለዛፍ ነፍሳቸውን የሚሰጡ ሰው ሆነው ተገኙ። ኦክ መሆኑን ከሩቅ አወቁት። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ እንዴት አሰባችሁት እያሉ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ከበረንዳው ወረዱ፤ ወንድሟም ተከተላቸው። ግንዱን ዳሰሱ፣ ቅርፊቱ በደንብ መነስነሱን አይተው ወደዱት። አንገቱን ሳይቀብር የተከለላችሁ ሰው የሚያውቅ ነው አሉ። ከዚያ የጀርባውን ልየው ብለው፣ ወንድሟ በዚያ በኩል ጨለማ ነው እያለ ሊመልሳቸው ሲሞክር፣ በሁለት ዛፎች መካከል ጎናቸውን አዙረው ሾልከው ገቡ። ነጭ ፀጉራቸው ከእቴቴ ፊት ብቅ አለ።

«ውይ፣ ይቅርታ እናቴ፣ አላየሁዎትም» አሉ። «ማን ልበል?»

እቴቴ ከእሳቸው አሻግራ ወንድሟን አየችው። እሱ ከኋላቸው በዛፎቹ መካከል ተሰንቅሮ፣ ግማሽ ፊቱ መብራት ላይ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ቆሟል። አንድ ቃል ነበር የፈለገችው። እህቴ ናት ቢል ሌላው ሁሉ ይቀርላታል፤ ዛፉም እዚያው ይሁን፣ መስኮቱም ይደፈን፣ ሥራውንም በጎህ ደጅ ወጥታ ትሠራዋለች። ይህን በልቧ ስትል ከልቧ ነበር። ጊዜ ሰጠችው። እሱ ቀና ብሎ የዛፉን ጫፍ ተመለከተ፤ የሚለው ነገር እዚያ የተሰቀለ ይመስል። በረንዳው ላይ ሚስትየዋ የጀመረችውን ወሬ አቆመች። የሽማግሌው ፈገግታ ወደ እፍረት መለወጥ ጀመረ፤ አንድ የማይነካ ነገር የነኩ መሰላቸው። ወንድሟ ዓይኑን ከዛፉ ጫፍ አውርዶ እሷን አየ። ያን ፊት እቴቴ ታውቀዋለች። ልጅ ሆኖ አንድ ነገር ሰብሮ፣ የምትለውን የሚጠብቅበት ፊት ነው፤ ያኔም ቢሆን ጨክናበት አታውቅም።

«የቤቱ ሠራተኛ ነኝ ጌታዬ» አለች ከወንበሯ ብድግ ብላ። «አትክልቱን አጠጣለሁ።»

«አሃ» አሉ ሽማግሌው፤ ደስ አላቸው፣ ቀለል አላቸው። «ጎበዝ። ታዲያ ምነው ጨለማ ውስጥ ተቀመጥሽ?»

«ዓይኔን እያሳረፍኩ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ወንድሟ ግን ትንፋሹ ተመልሶለት ነበር፤ ከጭንቅ የወጣ ሰው ደግሞ ወሬ ያበዛል። ጠጋ አለና ሠራተኛ ብቻ አይደለችም አላቸው፤ የእቴቴ ልብ ድንግጥ አለ። እሷ ናት ያሳደገችኝ ሲል ቀጠለ። ነፍሷን ይማርና እናቴ ናት የቀጠረቻት፣ እኔ ገና ጥርሴን ሳልነቅል፤ እናቴ ስትሞት እንኳ ጥላን አልሄደችም፤ እሷ ባትኖር ዛሬ እዚህ አልደርስም ነበር አለ። ድምፁ ተንቀጥቅጦ ነበር። ውሸት የለበትም፤ የነገራቸው ሁሉ እውነተኛ ፍቅርና እውነተኛ ምስጋና ነው፤ «የቀጠረቻት» ከምትለው ከአንዲቷ ቃል በስተቀር። ዕድሜ ልኳን ልትሰማው የናፈቀችውን ምስጋና እቴቴ በሌላ ሰው ስም ሰማችው። ሽማግሌው ተነኩ። እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ስንቱ ነው ሠራተኞቹ ሲያረጁበት አውጥቶ የሚጥላቸው አሉት፤ ሰው በሥራው የሚለካው እንዲህ ባለው ነው፤ ይህን ዛሬ በማወቄ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ጥሩ ሰው እጅ ነው የወደቅሽው» አሏት።

«እግዜር ይስጠው» አለች እቴቴ።

ተመልሰው ሲሄዱ ታሪኩን በረንዳው ላይ ለሴቶቹ ሲያወሩት ሰማች። ሴቶቹ አይ ደግነት አሉ። ሚስትየዋም ኋላ እሷ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር ስትል ተሰማት። ብርጭቆ ተነሳ፣ ብርጭቆ ተጋጨ። እቴቴ ወንበሯ ላይ እንደነበረች ቀረች። አላለቀሰችም፤ ብቻ ጉልበቷ ላይ የተቀመጡት ሁለት እጆቿ የእሷ አልመስል አሏት።

ምግቡ ተነሥቶ ፍራፍሬው ሲቀርብ ወንድሟ ብቻውን መጣ። በዛፎቹ መካከል አለፈና ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ሰውዬው ደስ ብሏቸዋል አላት፤ ያልቃል፣ ኃላፊነቱ ያልቃል፣ ይመስለኛል።  አጎንብሶ የእንጨት ቅርፊቱን በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገ።

«እቴቴ፣ ያልሽኝን አስቤበታለሁ» አለ። «ነገ በጠዋት አትክልተኛውን እጠራውና የመካከለኛውን አስነቅልልሻለሁ። ገና አንድ ቀኑ ነው፣ አይጎዳም። መስኮትሽ እንደነበረ ይሆናል።»

ከማለዳ ጀምሮ ስትለምን የዋለችው ይህንኑ ነበር። አሁን ሲሰጣት ግን እንደ ደመወዝ ሆኖ ተሰማት፤ ላከናወነችው ሥራ የተከፈለ። ነገ ዛፉ ተነቅሎ መስኮቷ ሲከፈት፣ በረንዳው ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ሲያያት ታያት። ሽማግሌው በመጡ ቁጥር ብድግ ብላ ጌታዬ ልትል ነው፣ ደህና ነሽ ወይ ሲሏት ደህና ነኝ ልትል ነው፤ እሱም አጠገባቸው ቆሞ ያሳደገችኝ እሷ ናት ሊል ነው፣ እስከ መጨረሻው።

«ተወው ማሙሽ» አለችው። «ይቁም። ይሸፍነኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ጨለማ ስለነበር ፊቱን አልለየችውም፤ ግን ቆየ፣ ለመሄድም አልቸኮለም። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ እቴቴ አይሆንም እንዲላት ደግማ ተስፋ አደረገች።

«እንዳልሽ» አላት፤ ወደ እንግዶቹም ተመለሰ።